እትዬ በረኪና እና ከባሕር ማዶ የመጣው ማጠቢያ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ አሁንም ረጅም ቃል ሲገጥመኝ ዳገት እንደሚወጣ ሰው መሀል ላይ ቆሜ እተነፍሳለሁ። ሲስተር፣ ማለት የነርሶቹ ኃላፊ፣ «ለሠራተኞች መጽሔት ስለ አንድ የሥራ ባልደረባህ ጻፍ» ሲሉኝ «እኔ ካውያ እንጂ ብዕር መች ይዤ አውቃለሁ» አልኳቸው። «ካውያውም እኮ መስመር ያስይዛል» ብለው ሳቁና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ሄዱ። ሦስት ቀን አጥፌ በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ስሕተት ካገኛችሁ የኔ ነው። ደህና ነገር ካገኛችሁ ግን የእትዬ በረኪና ነው።

እትዬ በረኪና እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። በሆስፒታላችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው የበረኪናው ሽታ ከእሳቸው ቀድሞ በር ይገባል። ስሙን ያወጡላቸው ሕሙማኑ ናቸው። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ «ከሽቶ ይሻላል፣ ሽቶ ጀርም አይገድልም» ነው የሚሉት።

ክፍላችን ምድር ቤት ነው። ሦስት የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ሁለቱ የእሳቸው ናቸው፣ ሦስተኛው ተሰንጥቆ ባልዲ ማስቀመጫ ሆኗል። እኔ መስኮቱ ሥር ከጠረጴዛዬ ጋር ቆሜ እተኩሳለሁ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ለሁለታችንም የሚያወሩት እሳቸው ናቸው። «አንተ ካውያ፣ ዛሬም በዝምታህ ልታሳብደኝ ነው?» ይሉኛል። እኔም «አይ፣ እየሰማሁ ነው» እላለሁ። በቃ፣ ጨዋታችን ይኸው ነው።

የማሽኑ ነገር እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሀብታም አገር ለሆስፒታላችን ትልቅ ልብስ ማጠቢያ ማሽን በስጦታ ላከ። ፊቱ ላይ እንደ መርከብ መስኮት ክብ መስተዋት ያለው፣ ስድስት ሰው ተሸክሞት የገባ ነው። ፎቶ ተነሣን። እትዬ በረኪና ጓንታቸውን አውልቀው እንደ ሰርግ ሙሽራ ጎኑ ቆሙ። እንግዶቹ ሄዱ፣ ማሽኑ ተከፈተ፤ ትንሽ አቃሰተ፣ ቀይ መብራት አበራ፣ ቆመ። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ አየና «ይሄ ውሃ በኃይል ካልገባለት አይሠራም። የኛ ውሃ ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሰው አፍንጫ ነው የሚንጠባጠበው» አለ። ፓምፕ ያስፈልጋል ተባለ። ፓምፕ ተጠየቀ። ደብዳቤው እስካሁን በመንገድ ላይ ነው። እትዬ በረኪናም «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ማሽኑ ላይ ሳሙና መደርደር ጀመሩ።

ቀልዱ እስከዚህ ድረስ ነው። በዚህ ዓመት የእትዬ በረኪና እጅ ከጣት እስከ ክርን ተሰነጣጠቀ። ጓንት ያደርጋሉ፤ ጓንቱ ውስጥም ይደማል። የቆዳ ሐኪማችን አገላብጠው አዩትና «ከሁለት ወር በኋላ ይህ እጅ በረኪና ውስጥ ሲገባ ባይ፣ ለሥራ ብቁ አይደሉም ብዬ እጽፋለሁ። ለራስዎ ስል ነው» አሏቸው። የሚያዛውሯቸውም ቦታ የለም፤ እሳቸው የሚያውቁት ማጠብ ነው። ያን ቀን ወደ ክፍላችን ተመልሰው ምንም አላወሩም። እኔ ነኝ ያወራሁት፤ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም።

አምስት ሳምንት እንዳለፈ አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። እሳቸው ሲወርዱ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

«ነገ እንግዳ አለን» አሉ። «ማሽኑን የሰጠን አገር ሕዝብ ሰሞኑን እየተከራከረ ነው። ግማሹ ለሌላ አገር እንስጥ ይላል፣ ግማሹ ለራሳችን ሳንበቃ ለምን ይላል። የምትመጣው ሴትዮ የተሰጠው ነገር ምን እንደሠራ አይታ ትጽፋለች።»

«ምንም አልሠራም» አሉ እትዬ በረኪና።

«እሱን እኮ ነው የምልዎት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የታጠበ አንሶላ ማሽኑ ውስጥ አስገቡ። ስትመጣ አሁን ጨረሰ ትላላችሁ። እርስዎ ‹እናመሰግናለን› ከሚለው ቃል ሌላ እንዳይጨምሩ። አይሠራም ካልን የሚቀጥለው ዕርዳታ ቀረ ማለት ነው፤ ፓምፑም አብሮ ቀረ።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል እትዬ በረኪናን ያዘቻቸው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አሥራ ሁለት አንሶላ አጠቡ። በረዶ አስመሰሉት። ሲደርቅ ለኔ ሰጡኝ፤ እኔም እንደ ወትሮዬ ተኮስኩት፣ ጠርዙን ከጠርዝ ገጥሜ ስምንት ቦታ አጠፍኩት። ከኛ ክፍል ተጨማድዶ የወጣ አንሶላ የለም፤ ይሄ ኩራታችን ነው። ከዚያ ሁለታችን ተጋግዘን ማሽኑ ውስጥ ደረደርነው። ራቅ ብለን አየነው። «አቤት ሲያምር!» አሉ እትዬ በረኪና። እኔም አማረኝ። እውነቴን ነው፣ ሁለታችንም ምንም አልታየንም።

በማግስቱ እንግዳዋ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ከአስተርጓሚና ከሥራ አስኪያጁ ጋር ወረደች። ለእሷ ክብር ግቢው ውስጥ ያለው ፏፏቴ ተከፍቶ በመስኮታችን በኩል ሽቅብ ሲረጭ ይታያል። ቧንቧ ሠራተኛውም ለጥንቃቄ ተብሎ ጥግ ላይ መሰላል ዘርግቶ የሚጠግን መስሎ ቆሟል።

«አሁን ገና አጥቦ ጨረሰ» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ወደ ማሽኑ እያሳዩ።

እንግዳዋ ጎንበስ ብላ በመስተዋቱ አየች። አሁንም አየች። ከዚያ በሩን ከፍታ አንዱን አንሶላ አወጣችና ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው። የምትለውን አስተርጓሚው ነገረን።

«ይህ ማሽን የሚሠራው በተወለድኩበት ከተማ ነው። ማጠቡን አውቃለሁ። ተኩሶ አጥፎ መደርደሩን ግን ዛሬ ነው ያየሁት።»

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄኔ ነው! ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። በካውያዬ ጆሮዬን የነካሁት መሰለኝ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እ... የአያያዝ ጉዳይ ነው» አሉ።

መሰላሉ ላይ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ እንግዳዋ። እትዬ በረኪና ግን አልሳቁም። የጠቀለሉትን ጨርቅ ፈተው እጃቸውን ዘረጉላት።

«የኔ ልጅ፣ ያጠበው ይሄ ነው። ያጠፈው ደግሞ ያ እዚያ መሬት መሬት የሚያየው ሰውዬ ነው። ማሽኑ ውሃ በኃይል ይፈልጋል፤ ፓምፕ የለንም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሙና ነው የተሸከመልን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልሠራ እኔ ከዚህ እወጣለሁ። በቃ፣ ጨረስኩ።»

አስተርጓሚው ወደ ሥራ አስኪያጁ አየና አንዲት አጭር ቃል ተናገረ።

«ያን ሁሉ ተናግሬ ይቺን ብቻ?» አሉ እትዬ በረኪና። «ቀሪውን የት አደረስከው? አውጣ!»

አወጣው። እንግዳዋ የእትዬ በረኪናን እጅ አየችው፤ ሳቋ ጠፋ። ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ከዚያም እንዲህ አለች፣ «አባቴ ‹በኛ ከተማ ሆስፒታል አንሶላ እያጠረ አንቺ ለማታውቂው አገር ምን ያስሮጥሻል?› ይለኛል። ብዙ ሰው እንደሱ ነው የሚያስበው። አሁን ሄጄ ምን ልበል? እንስጥ ወይስ አንስጥ?»

«ቢቀርብንስ!» አለ ቧንቧ ሠራተኛው ከላይ። «ስጦታ ሰው ያሰንፋል። የራሳችንን በራሳችን...»

«አንተ መጀመሪያ የቆምክበት መሰላል ላይ የተለጠፈውን ባንዲራ ፋቅ» አሉት እትዬ በረኪና።

ቧንቧ ሠራተኛው እግሩ ሥር አየ። እውነትም የስጦታ መሰላል ነው። አንድ ደረጃ ወረደ።

«አባትሽ አልተሳሳቱም» አሉ እትዬ በረኪና ወደ እንግዳዋ ዞረው። «ለቤቱ የማያስብ ለጎረቤት ቢያስብ አላምነውም። ግን ጎረቤት ቤት እሳት ሲነሣ የኔም ጣሪያ ያፈሳል ብሎ በር ዘግቶ መቀመጥም የለም። ስጡ። እኔ ያልገባኝ ምን መሰለሽ፣ ቤቴ ሲቃጠል አልጋ ተሸክሞ የሚመጣው ጎረቤት ነው። ጥሩ አልጋ ነው፣ እግዜር ይስጠው፤ እኔ ግን የምፈልገው ባልዲ ነበር። ምን ላምጣ ብሎ ቢጠራኝ በመስኮት እነግረው ነበር።»

«ብንጠይቅ የሚመልሱልን ሥራ አስኪያጁ ናቸው» አለች እንግዳዋ።

«ታዲያ እሳቸው መች አጥበው ያውቃሉ?»

ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። እትዬ በረኪና ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ሄዷል።

«ቆይ፣ ቆይ። እውነት በናንተም አገር አንሶላ ያጥራል?»

«ያጥራል። መሀሉ ሲሳሳ ይጣላል፣ አዲስ ለመግዛት ደግሞ...»

«ይጣላል?!» እትዬ በረኪና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ካውያ፣ ያን ያረጀውን አምጣ!»

አመጣሁ። እኛ ጋ አንሶላ መሀሉ ሲሳሳ ከላይ እስከ ታች ለሁለት እንቀደዋለን። ዳርና ዳሩ ሰው ስለማይተኛበት ገና አዲስ ነው። ሁለቱን ዳሮች ወደ መሀል አምጥተን እንሰፋቸዋለን፤ የሳሳው ዳር ይሆናል። እንዲህ የተሰፋ አንሶላ ሌላ ሦስት ዓመት ይኖራል። እትዬ በረኪና በዚያ በተሰነጠቀ እጃቸው ጨርቁን ጠርር አድርገው ቀደዱትና ገጥመው አሳዩዋት። ስፌቱ ሕመምተኛውን እንዳይቆረቁረው ጠፍጣፋ መሆን እንዳለበትም ነገሯት። እንግዳዋ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፣ ሣለች፣ «እስቲ ድገሙልኝ» አለች።

«ለአባትሽ ንገሪያቸው» አሉ እትዬ በረኪና። «ከኛ የተላከ ነው በያቸው። ክፍያ የለውም፣ ፎቶም አያስፈልግም።»

የዚህን ጊዜ እኔም ሳቅሁ። ድምፅ አውጥቼ።

እንግዳዋ ደብተሯን ዘግታ ወደ ፓምፑ ተመለሰች። «እጠይቃለሁ። ግን ልዋሽዎት አልፈልግም። ወረቀቱ ከስምንት ሰው ጠረጴዛ ያልፋል፤ ፈጠነ ከተባለ አንድ ዓመት።»

ፓምፑ አንድ ዓመት፣ ለእትዬ በረኪና የቀራቸው ሦስት ሳምንት። ሁላችንም ሒሳቡን ሠራን። ከውጭ የፏፏቴው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሽው፣ ሽው።

እኔ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። አሁንም እንዴት እንደወጣኝ እንጃ። «ያ ውሃ...» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ልመልሰው ፈለግሁ፣ እንቢ አለኝ። «ያ ውሃ ሽቅብ የሚወጣው በምንድን ነው?»

ቧንቧ ሠራተኛው ከመሰላሉ ወርዶ ጨርሶ መሬት ረገጠ። ራሱን አከከ። «በፓምፕ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የማጸዳው እኔ ነኝ። ወይ እኔ! ለአበባ ነው ብዬ እንጂ ለአንሶላ መች አሰብኩት?»

«ለዚህ ማሽን ይበቃል?» አሉ እትዬ በረኪና።

«ይተርፋል!»

አስተርጓሚው ይህቺን ማንም ሳያዘው፣ አንድም ቃል ሳያስቀር ተረጎማት። እንግዳዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ ጠበቀች።

«ፏፏቴው እኮ የመሥሪያ ቤቱ ገጽታ ነው» አሉ። እትዬ በረኪና እጃቸውን እንደገና በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት። ሥራ አስኪያጁ ጥቂት ካዩ በኋላ «እሺ፣ ይነቀል» አሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ደረጃውን ወጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ምድር ቤት አይወርዱም እንጂ።

እንግዳዋ አገሯ ስትገባ ምን ብላ እንደጻፈች አላውቅም። እንስጥ ትበል፣ አንስጥ ትበል፣ ይሄ ከኔ ዕውቀት በላይ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቧንቧ ሠራተኛው ፓምፑን ከማሽኑ ጋር አገጣጠመው። እትዬ በረኪና የቀዶ ሕክምና ክፍሉን አንሶላ አስገቡ፣ ሳሙናውን ጨመሩ፣ አዝራሩን በክርናቸው ተጫኑት። ማሽኑ አቃሰተ። እኛም አብረን አቃሰትን። ከዚያ ውሃው ገባና መዞር ጀመረ። እትዬ በረኪና ወንበር ስበው መስተዋቱ ፊት ተቀመጡ፤ እጃቸውን ቅባት ቀብተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «እሱንስ ጠንቅቆ ያሸዋል? ጠርዙን ይዘለዋል መሰለኝ» እያሉ ሲቆጣጠሩት ቆዩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ድምፃቸው ጠፋብኝ። ዞሬ ሳይ አንገታቸውን ወደ ጎን ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እንዳልቀሰቅሳቸው ካውያዬን በቀስታ እያስቀመጥኩ መተኮሴን ቀጠልኩ።