የጠመኔው ቀስት

በር መክፈት።
መቀስ መሳል።
ጨርቅ መዘርጋት።
የጨርቁን ጠጉር በመዳፍ መዳሰስ።
ደጋግሞ መለካት።
መቁረጥ።
ብጥስጣሹን መጥረግ።
መጸለይ።

ሜትራቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ የስፌት ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ «ጋሽ ሜትር» ለሚላቸው ቆራጭ፣ ሰባቱ ተግባራት ውኃ መጠጣት ያህል ነበሩ። ስምንተኛው ግን ስምንት ዓመት ሙሉ አልሆን አላቸው። ተንበርክከው ሰላም ይለምናሉ፤ ሰላም ግን ዝር አይልም። እግዚአብሔር በሐሳባቸው መዝገብ ይዞ ከደጃፍ የሚቆም፣ የማይስቅ ተቆጣጣሪ ሆኖባቸው ነበር።

«ደንበኛውን ሁሉ ‹ነገ ና› ስትል ኖረህ፣ እሱም ‹ነገ ና› ቢልህ ምን ይገርማል?» ትላቸዋለች ሚስታቸው።

የነገሩ ሥር አንድ መጋረጃ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ለአንድ ትልቅ አዳራሽ የከፋይ ጨርቅ መጋረጃ ታዘዘ። ከፋይ ጠጉር አለው፤ ቁራጮቹ ሁሉ ጠጉራቸው ወደ አንድ ወገን ካልተኛ መብራት ሲያርፍባቸው መልካቸው ይለያያል። ስለዚህ «ባለ ጠመኔዋ» የምትባል ሠራተኛ ከመቆረጡ በፊት በጨርቁ ጀርባ ቀስት ታሰምራለች። ጋሽ ሜትር ግን ጨርቅ ለመቆጠብ ብለው አንዱን ቁራጭ ዘቅዝቀው ቆረጡት። መጋረጃው ተሰቅሎ መብራት ሲበራ አንደኛው ወገን ጠቆረ። አሠሪው ቢጠይቁ፣ ጋሽ ሜትር ቀስቱ የተሳሳተ ነበር አሉ። ቀስቱ ገበር ሥር ተሸፍኖ ስለነበር ያመሳከረ አልተገኘም። ባለ ጠመኔዋ ከሥራ ተባረረች።

ዘንድሮ መጋረጃው ገበሩ ሊለወጥ ወደ ስፌት ቤቱ ተመለሰ። ጋሽ ሜትር ስፌቱን ሲተረትሩ ቀስቱ ብቅ አለ፤ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ትናንት የተሰመረ የሚመስል። ጨርቁን ገልጠው ቀስቱ ወዳመለከተበት ዳሰሱት፤ ለሰለሰ። ወደ ኋላ ዳሰሱት፤ ሻከረ። ብሩሹ አጠገባቸው ነበር፤ አንዴ ቢያሳርፉበት ምስክሩ ይጠፋል።

እጃቸው ግን ጨርቁ ላይ ቀረ። ጨርቁ ያው አንድ ጨርቅ ነው፤ የሚያሻክረው የእጅ አካሄድ ነው። እግዚአብሔርም ስምንት ዓመት ሙሉ አልተለወጠም፤ ሲዳስሱት የኖሩት በግልባጩ እሳቸው ናቸው። ይህን ሲያስተውሉ፣ የፈሩት ተቆጣጣሪ ከደጃፉ እንደሌለ ገባቸው።

ቁራጩን ተሸክመው ባለ ጠመኔዋ አሁን ልብስ ወደምትጠግንባት ጠባብ ሱቅ ሄዱ። ጀርባውን ገልጠው አሳዩአት።

«ቀስትሽ ልክ ነበር። ዘቅዝቄ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ቀስቱን በጣቷ ተከተለችው፤ ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ ከዚያም ሳቀች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቀጠሮ እንደሚዘገይ አውቅ ነበር፤ ስምንት ዓመት ግን አልጠረጠርኩም።»

ወደ ስፌት ቤቱ ሥራ ትመለስ እንደሆነ ቢጠይቋት፣ ሱቋ እንደሚበቃት ነገረቻቸው። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሟ በጎደፈበት ቤት፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት እንዲነጻ።

በማግስቱ ጠዋት፣ የስፌት መኪናዎቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት፣ ጋሽ ሜትር በአሠሪውና በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆመው አጥፊው ማን እንደነበረ ተናገሩ። ባለ ጠመኔዋ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። የዚያን ዕለት ጸሎታቸው አጭር ነበር፤ የሚለምኑት አልነበራቸውም።

ለባለ ጠመኔዋ የነበረባቸው የእውነት ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።