አጎቴና የስፒከሩ እምምታ

አጎቴ ስፒከር ከመፍታታቸው በፊት ያደምጡት ነበር። ላሊበላ ቤታችን ያለው ስፒከር እምም እያለ አስቸግሮኝ መመሪያውን ሳገላብጥ፣ «አንቺ ተማሪ፣ መጽሐፉን አስቀምጪና ገመዱን ጠይቂው» ብለው ሳቁብኝ። ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ በየመሀሉ አደመጡ። በመጨረሻም በሁለት የተለያየ ግድግዳ ሶኬት የተሰኩትን ቴፑንና አምፕሊፋየሩን አንድ ሶኬት ላይ ሲሰኳቸው እምምታው ጠፋ። 

አጎቴ አርፈው በአርባቸው ዕለት፣ ለእንግዳ ብለን ዕቃውን ስናዘዋውር ቴፑና አምፕሊፋየሩ እንደገና በየግድግዳው ተሰክተው፣ ድምፃቸው የተቀረጸበትን ብቸኛ ካሴት፣ ከጋሸና ለእናቴ የላኩትን የድምፅ ደብዳቤ ስንከፍት ያው እምምታ ዋጠው።

«ካሴቱ አልቆለታል፤ ተይው» አለች እናቴ።

«ቆዪ እማዬ» አልሁና እንደ እሳቸው አንድ በአንድ ነቅዬ፣ እያደመጥሁ፣ ሁለቱን አንድ ሶኬት ላይ ሰካሁ። እምምታው ጠፍቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ከካሴቱ መጀመሪያ የመጣው ሳላቸው ነበር። ሁላችንም ወደ ባዶው ወንበራቸው ዞርን።