ካልሞቀ የማይነሳው ኮምፒውተር

የሄልካ ፀጉር ማድረቂያ ከሄልካ ፀጉር ይልቅ የባሏን ኮምፒውተር ነበር የሚያገለግለው። ጠዋት ገና ከመኝታዋ ሳትነሳ ከሳሎን እርርር የሚል ድምፅ ትሰማለች። ታይስቶ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ የሳጥኑን ጎን ከፍቶ፣ እንደ ታመመ ጥጃ ሙቅ አየር ይነፋለታል። ሳጥኑ ከቀዘቀዘ አይነሳም። ከሞቀለት ይነሳና ደስ ያለውን ያህል ሠርቶ መልሶ ድርግም ይላል። ይህ እንግዲህ የሰው ቤት ጠዋት ነው!

ሄልካ ካያኒ ከተማ ውስጥ ፖስታ ስታድል ያረጀች ሴት ናት። በዚያ ብርድና በረዶ ብስክሌቷ ሲሰበር ቀይራ፣ ጫማዋ ውሃ ሲያስገባ ወርውራ፣ ውሻ ሲነክሳት ተራግማ መንገዷን የቀጠለች። ነገር ማንዛዛት አትወድም። ታይስቶ ደግሞ ከወረቀት ፋብሪካ የጥገና ክፍል ጡረታ የወጣ፣ ቃል ከአፉ እንደ መንጋጋ ጥርስ ተነቅሎ የሚወጣ ሰው ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ነገር አትቀይረውም?»

«እናያለን።»

«ምኑን ነው የምናየው? ማዘርቦርዱ አርጅቷል ብሎሃል እኮ ልጅህ!»

«ብሏል።»

«እና?»

«እናያለን።»

እስቲ ከዚህ ሰው ጋር ማን ይኖራል? ጨጓራዋን ላጠው።

ልጃቸው ቱኦሞ ቱርኩ ከተማ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ከካያኒ አገር አቋርጦ ማዶ ማለት ነው። ችግሩን ገና ከሩቅ አውቆታል፦ ማዘርቦርድ በሚሉት ዋና ሰሌዳ ላይ እንደ ትናንሽ በርሜል የተደረደሩት ክፍሎች ጭንቅላታቸው አብጧል፣ ስለዚህ ሙቀት ካላገኙ ሥራ አይጀምሩም። አዲስ ሰሌዳ ከመጣ ግን አሮጌዎቹ የውስጥ ዕቃዎች አይገጥሙትም፣ እነሱም አብረው ይቀየራሉ። «ግዴለም፣ እኔ ጋ የተረፈ ስላለ እልካለሁ» ብሎ አንድ ቀን ተናግሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን አላነሳውም፤ ታይስቶም አልጠየቀም።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሳውና ከሚሉት የእንፋሎት መታጠቢያቸው በኋላ፣ ታይስቶ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ቋሊማውን በአንድ እጁ ይዞ ለልጁ ይደውላል።

«ዛሬም እምቢ አለ።»

«ሚሞሪውን ነቅለህ መልሰህ ሰክተሃል?»

«ሰክቻለሁ።»

«ድምፅስ?»

«ሁለቴ ጮኸ።»

«እህ።»

«አዎ።»

ከዚያ እንደገና ሚሞሪ፣ እንደገና ገመድ። ቋሊማው ይቀዘቅዛል። ስለ አንድ የሞተ ቆርቆሮ! ሄልካ ስልኩን ስትቀበል ደግሞ ቱኦሞ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ሥራም ደህና ነው» ብሎ በሁለት ቃል ይጨርስባታል። ቆሽቷ ያርራል።

አንድ ቅዳሜ ብርዱ ጥርስ የሚያራግፍ ሆነ፣ ፀጉር ማድረቂያውም ጭስ ተፍቶ ሞተ። ሄልካ በልቧ «ተገላገልኩ» አለች። ምን ዋጋ አለው! ማታ ፎጣዋን አንጠልጥላ ቀድማ ሳውና ገባች፣ በዚያ ደብዛዛ ብርሃን የላይኛው የመቀመጫ እርከን ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ እንደ ወጉም አንድ ጭልፋ ውሃ የጋለው ድንጋይ ላይ ቸለሰች። እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ወጣ። እፎይ ብላ ልትደገፍ ስትል ክርኗ በፎጣ የተሸፈነ ቆርቆሮ መታ።

«ታይስቶ!»

ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ታይስቶ በሙታንታው ሮጦ መጣና ከእሷ በፊት ሳጥኑን አየ።

«ውሃ ረጨሽ እንዴ?»

«ሳውና ውስጥ ውሃ ካልረጨሁ ምን ልርጭ? አብደሃል?»

«ደረቁ ሙቀት ትንሽ ይንካው ብዬ ነው። ሳትገቢ ላወጣው ነበር።»

«ራቁቴን ከኮምፒውተር ጋር ልታጠብ? ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ!»

ታይስቶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ትንሽ አሰበበት። ይህን እንኳ አሰበበት!

ሳጥኑን ምድጃ አጠገብ ሲያደርቀው ሰነበተ፤ እርጉሙ ዕቃ መልሶ ተነሳ። ያኔ የሄልካ ትዕግሥት አለቀ። ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ በረዶ የሸፈነው ሐይቅ ላይ በሄደበት ለቱኦሞ ደወለች።

«ሰሌዳውን ከነዕቃው ላክልኝ። ዛሬውኑ።»

«አባዬ ይቀየር አለ?»

«እኔ ብያለሁ። አልበቃም?»

«አይ፣ እልካለሁ። ግን ከተቀየረማ…»

«ከተቀየረማ ምን?»

«ምንም፣ እማዬ። እልካለሁ።»

ዕቃው መጣ። ታይስቶ ጥቅሉን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ መፍቻውን አመጣ። እጁ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ሰሌዳው ገባ፣ ቁልፉ ተነካ፣ ኮምፒውተሩ ያለ ሙቀት፣ ያለ ጩኸት፣ ያለ ልመና ተነሳ።

«አየህ?» አለች ሄልካ። «ይኸው ነው! ስንት ዘመን ያቃጠልከኝ ለዚህ ነው?»

«ጥሩ ነው» አለ። ፊቱ ግን ዘመድ የተቀበረበት ሰው ፊት ነበር።

ቅዳሜ ሆነ። ሳውናው ሞቀ፣ ሁለቱም ታጠቡ፣ ቋሊማው ቀረበ። ታይስቶ ስልኩን አነሳ፣ አየው፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ደግሞ አነሳው። ደግሞ አስቀመጠው።

«ለምን አትደውልም?»

«ምን ብዬ?» አለ። «ይሠራል እኮ።»

ሄልካ የያዘችው ሹካ አየር ላይ ቀረ። ያን ሳጥን አባትና ልጅ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበር የገጣጠሙት፣ ቱኦሞ ከቤት ሊወጣ ሲል፤ ያን ክረምት እንደዚያ ሲያወሩ በፊትም በኋላም አላየቻቸውም። ለካ ሚሞሪውም፣ ገመዱም፣ ሁለቴ ጮኸውም… ወይኔ፣ እኔ ሞኟ! አለች። ወዲያው ደግሞ ደሟ ፈላ፦ እንደ ሰው «እንዴት ነህ» ተባብለው የማያውቁ ሁለት ግንዶች ያለ አንድ ብልሽት አፋቸው አይከፈትም!

ስልኩን ነጥቃ ደወለችና ጆሮው ላይ ለጠፈችለት። የቱኦሞ ድምፅ እስከ እሷ ተሰማ።

«አባዬ? ተበላሸ እንዴ?» ልጁ የጠየቀው በጉጉት ነው። ይህን ጆሮዋ አልሳተውም።

«ኧረ… አይ። ይሠራል።»

«እህ። ጥሩ።»

«አዎ።»

ታይስቶ ስልኩን ሊዘጋ ከጆሮው አነሳ።

ሄልካ ጉልበቷ እየተንቋቋ ጠረጴዛው ሥር ገባችና የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው መንጭቃ ነቀለች። ስክሪኑ ድርግም አለ።

«ጠፋ!» ብላ ጮኸች። «ቱኦሞ፣ ጠፋብን!»

ታይስቶ በእጇ የያዘችውን ሶኬት አየ። ከዚያ እሷን አየ፣ ረዘም አድርጎ።

«እውነቷን ነው» አለ በስልኩ። «አሁን ጠፋ።»

«ድምፅ አሰማ?»

«ቆይ፣ ወንበር ልሳብ» አለ ታይስቶ። ሄልካም «እናንተ ግንዶች» ብላ አጉረመረመች፣ ሶኬቱን እንደያዘችም እዚያው ጠረጴዛ ሥር ቀረች።