የተበተነው ኪኒን

ወንድሜ ዓወል በእኔ መቅኔ ነው የሚኖረው። ስንጣላ «መልስልኝ» እለዋለሁ፤ «ነይና ውሰጂ» ይለኛል። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ ሳለ የደም ካንሰር ያዘው። የወንድም የእህቱ ደም ተልኮ ሲመረመር የገጠመው የእኔ ነበር። ከዓሊዩ አምባ ገበያ ርቄ የማላውቅ ሴት፣ መቅኔዬን ልሰጠው አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

በሰባ ዘጠኝ ድኖ መጣ። ሐኪሙ ሲሸኘው አንድ ብልቃጥ ኪኒን፣ ሠላሳ አምስት ፍሬ፣ ሰጥቶት፣ «ሰውነትህ ገና ቫይረስን የሚችልበት ጉልበት የለውም። ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣብህ በዚያው ቀን ጀምር፤ በቀን አምስቴ፣ ለሰባት ቀን» ብሎታል። ብልቃጡን እናታችን ሰሊሃ ተቀብላ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

መጋቢት ላይ እናቴ ልጇ ስለዳነላት የተሳለችውን ሰደቃ ደገሰች። በማለዳ ሄጄ ዓወልን ሳቅፈው ጎኑን አሸሸብኝ። ሸሚዙን ብገልጥ ከጎድኑ እስከ ጀርባው ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ዞሮታል።

«ትናንት ነው የጀመረኝ። ሰደቃዋን እንዳላበላሽባት ብዬ ነው» አለኝ። ልመታው ምንም አልቀረኝም።

«አልማዝ ባለጭራ ነው፤ መርፌ ከነካው ይገድለዋል» አለች እናቴ።

«መርፌ ማን አለሽ? ብልቃጡን አውጪ» ስላት እያቅማማች ሣጥኗን ከፈተች። ብልቃጡ ውስጥ የቀሩት አራት ፍሬ ናቸው።

ለካስ «ለዳነ ሰው መድኃኒት ምን ይሠራለታል» ብላ፣ የጀርመን ኪኒን ብርቅ ነውና፣ ራሱን ላመመው አንድ፣ ወገቡን ላመመው ሁለት እያለች ለጎረቤት አድላው ኖሯል። ደግ ሠራሁ ብላ ልጇን ልትቀብር ነበር። እንዲህ ያለ ኪኒን ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ቢኬድም አይገኝም።

እንግዳው ሲሰበሰብ፣ ዱዓው ሳይጀመር ደጁ ላይ ቆምኩ። «የዓወል ነፍስ ያለችው እናንተ ቤት ነው። የተሰጣችሁን ኪኒን ሳታመጡ ምግብ አይቀርብም» አልኩ። አበደች ያለኝ አልጠፋም። ግን አንድ በአንድ እየተነሡ ሄዱ። ደግነቱ አልዋጡትም፤ ብርቅ ነገር ለክፉ ቀን ይቀመጣል እንጂ ማን ይውጠዋል? አንዱ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ አንዷ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ አመጡ። ጎረቤታችን ሸህ ፈረጅ ብቻ ባዶ እጃቸውን መጡ።

«የእኔን ውጫታለሁ፤ ጉልበቴን ጠቅማኛለች» አሉ።

«የጉልበት መድኃኒት እኮ አይደለም፣ ሸህ።»

«እኔ ምን አውቄ። ተሽሎኛል።»

ብልቃጡ ውስጥ ከቀሩት አራቱ ጋር ሲቆጠር ሠላሳ አራት ሆነ፤ የጎደለችው አንዷ ሸህ ፈረጅ ጉልበት ውስጥ ቀረች። ዓወል የመጀመሪያዋን እዚያው ሰው ፊት ዋጠ።

በአምስተኛው ቀን ሽፍታው መድረቅ ጀመረ። በሰባተኛው ቀን ተነሥቶ ገበያ ወጣ። እፎይ አልኩ፤ ጓሮ ሄጄ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ስመለስ እናቴ የሣጥኗን ቁልፍ ከአንገቷ ፈትታ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ያን ሣጥን አባቴ እንኳን ከፍቶት አያውቅም።