የርክክብ ሙቀት

አጎቴ ወረቀትን የሚያምነው ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነበር። የልጆቹን ደብተር ሲያገኝ እንኳ አንዱን ገጽ በሁለት ጣቱ ይዞ ጆሮው ሥር ያራግበዋል፤ ድምፁ ደነዝ ካለበት «ይሄ የኛ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። በወረቀት ፋብሪካው የማድረቂያ ክፍል የፈረቃ መሪ ነበር። ሠራተኛው «ደረቁ» ነው የሚለው። የሚያወጣውን ወረቀትና ጠባዩን በአንድ ቃል ለመጥራት ይመስለኛል። ሲሰማ አይቆጣም። «እርጥቡ ከሚሉኝ ይሻላል» ይላል።

ያደግሁት እሱ ቤት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ዕረፍቴም እዚያው ፋብሪካ ወረቀት ስቆርጥና ስለይ ስለነበር አዳራሹን አውቀዋለሁ። በአንደኛው ጫፍ ሊጥ የመሰለ እርጥብ ነገር በወንፊት ላይ ይፈሳል፤ ትናንት አሮጌ ደብተርና ካርቶን የነበረ ነው። ከወንፊቱ ወደ መጭመቂያ ብረቶቹ ይገባል። እዚያ ፌልት የሚባል ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ተሸክሞ ያሳልፈዋል፣ ውሃውንም ይመጥለታል። የቀረውን ውሃ የሚያባርረው እሳት ነው። በውስጣቸው እንፋሎት የሚገባባቸው፣ ቁመታቸው ሰው የሚያህል የብረት ከበሮዎች ተደርድረው ይዞራሉ፤ ወረቀቱ በአንዱ ላይ ወጥቶ በሌላው ሥር እየገባ፣ በሄደ ቁጥር እየደረቀ፣ መጨረሻ ላይ ይጠቀለላል። አሁንም አንዳንድ ቀን የብረት ምጣድ አጠገብ ስቆም ያ አዳራሽ ፊቴ ላይ ይተነፍስብኛል።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንም ያልጻፈው ደንብ ነበር። ፈረቃውን የጨረሰ መሪ ለሚተካው ሰው ቀዝቃዛ ማሽን አያስረክብም። ከመውጣቱ በፊት የእንፋሎቱን ቫልቭ ትንሽ ከፈት ያደርግለታል። «የርክክብ ሙቀት» ይሉታል። ቤትን ለሚመጣው ሰው ጠርጎ እንደመሄድ ነው። ተረካቢውም ቫልቩን መልሶ አይዘጋም፤ የሰጡትን መመለስ ነውር ነዋ! በተራው ሲወጣ እሱም ትንሽ ይጨምራል። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ማሽኑ ለጥገና ቆሞ እንደገና እስኪነሳ ድረስ፣ ቫልቩ ወደ መክፈት እንጂ ወደ መዝጋት ዞሮ አያውቅም።

ደንቡን ያመጣው አጎቴ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ሻምበል። ሻምበል የሌላው ፈረቃ መሪና የአጎቴ አብሮ አደግ ነው። ወታደር ቤት ረግጦ አያውቅም፤ ስሙን ያወጣለት አረማመዱ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አጎቴ ማሽኑን አስረክቦት ከግቢው ሳይወጣ ወረቀቱ ተቀደደ። ያን ጊዜ የተቀደደ ወረቀት ማሽኑ እየዞረ በእጅ ነበር የሚጎተተው፤ ማሽን ማቆም የሰነፍ ሥራ ይባል ነበር። ሻምበል እጁን ሰደደ። ከበሮዎቹ ሁለት ጣቶቹን ወሰዱበት።

ጥፋቱ የአጎቴ ነው ያለ ሰው የለም። ሻምበልም አላለም። አጎቴ ግን «አቀዝቅዤ ስላስረከብሁት ነው ወረቀቱ ያልደረቀው» ብሎ በራሱ ላይ ፈረደ። ሻምበል ከሐኪም ቤት ተመልሶ ሥራ በጀመረ ዕለት ቫልቩን ከፍቶ ጠበቀው። ሻምበል ነገሩ ገባው፤ ፈረቃውን ሲጨርስ እሱም ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጣቶቹ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። የሚነጋገሩት በእንፋሎት ነበር ማለት ይቻላል።

ነዳጅ የተወደደ ዓመት ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ግቢ ውስጥ ሰበሰበ። «ይሄ ቦይለር እኛን ነው እያነደደ ያለው» አለ፣ እንፋሎቱ የሚፈላበትን ጋን እያሳየ። የነዳጁ ፍጆታ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በደንብ ካልወረደ የማድረቂያው አዳራሽ ይዘጋል። ፋብሪካው ተሠርቶ ያለቀ ጥቅል ከውጭ እያስመጣ ቆርጦ ማሸግ ብቻ ይሆናል ሥራው። ለመቁረጥ ደግሞ ስንት ሰው ያስፈልጋል? ማንም አልጠየቀም። አጎቴ በዚያ ዕድሜው ከዚያ አዳራሽ ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረውም፤ ሻምበልም በዚያ እጁ ሌላ ቦታ የሚቀጥረው አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ አንዲት ወጣት ኢንጂነር አመጣ። ልጅቱ ቢሮ አልተቀመጠችም። ያፏጩ የነበሩ ቱቦዎችን አስደፈነች፤ ራቁታቸውን የነበሩትን ሙቀት በሚይዝ ነገር አስጠቀለለች። ከከበሮዎቹ ወጥቶ ወደ ቦይ ይደፋ የነበረውን የፈላ ውሃ ወደ ቦይለሩ እንዲመለስ አደረገች። ነዳጁ ወረደ። ግን አልበቃም። የሚገርማት ደግሞ ፍጆታው ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር ከፍ ብሎ እዚያው መቅረቱ ነበር።

አንድ ቀን ሁለቱንም መሪዎች ጠርታ ከጥቅሉ የተቆረጠ ወረቀት አሳየቻቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ከሚያስፈልገው በላይ ደርቋል። መጋዘን ሲገባ ከአየሩ ውሃውን መልሶ ይጠጣል። አየር በነጻ የሚመልሰውን ውሃ እኛ በነዳጅ እያባረርን ነው። ቫልቩን ማነው የሚከፍተው?»

«ብረት ነው እኮ፣ የኔ ልጅ» አለ ሻምበል። «ሲሞቅ ራሱ ይላላል።»

አጎቴ የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ልጅቱ ሁለቱንም ቀስ ብላ አየቻቸውና፣ «እንግዲያው ነገ ቫልቩ ላይ የቀለም ምልክት አደርግበታለሁ» አለች። «ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ከቀለሙ እንዳያልፍ። በዚህ ካልሆነ፣ እኔ ሌላ የምቀንስበት ቦታ የለኝም። ለሥራ አስኪያጁም ይህንኑ ነው የምነግረው።»

ያን ዕለት አጎቴ ቤት ገብቶ ምሳውን ቀረብ አድርጎ ተወው። ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ትጎነትለው ጀመር።

«ምን ሆነሃል? ወረቀቱ ረጠበብህ?»

«ነገ ሻምበልን አቀዝቅዤ ላስረክበው ነው።»

እጇ ሸሚዙ ላይ ቆመ። «ነግረኸዋል?»

«ምን ብዬ?»

«ምን ብዬ ይላል እንዴ! በአፍህ ነዋ። ዕድሜ ልክህን በቫልቭ ስታናግረው ኖረህ አፍህን ረሳኸው?»

«ብትቀደድስ? እጁን ቢሰድስ?»

«አዳራሹ ቢዘጋስ? ያን ጊዜ ምን ልትከፍትለት ነው፣ የቤታችንን በር?»



በማግስቱ ጠዋት ኢንጂነሯ ቫልቩን ዝቅ አድርጋ ቀለሙን ቀባችበት። ከቀትር በኋላ፣ ፈረቃው ሊቀየር ሲል፣ አጎቴ ሻምበልን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሄዶ አገኘው። ሻምበል ባልጎደለው እጁ የቱታውን ቁልፍ እየቆለፈ ነበር።

«ዛሬ አልከፈትኩልህም» አለው።

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

ሻምበል ቁልፉን ጨረሰ። «ልጅቷ ናት?»

«እሷ ያለችው ልክ ነው። እኔና አንተ ነን የምናቃጥለው።»

«እኔና አንተ!» ሻምበል ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። «አንተ ምንህ ተቃጠለ? ጣትህን ቁጠራቸው እስቲ። ቀዝቃዛ ማሽን አልረከብም፣ ወንድሜ። ካልተረከብሁ ደግሞ መውጣት አትችልም፤ ሕጉን ታውቃለህ።»

«አልወጣም።»

«እዚያው ትቆማለህ?»

«አጠገብህ እቆማለሁ። ከተቀደደ የምገባው እኔ ነኝ። አንተ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

ሻምበል ቀድሞት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መቁረጫው በር ላይ ሆነን ሁላችንም አይተናል። ሁለቱ ሰዎች ከከበሮዎቹ ፊት ለፊት ጎን ለጎን ቆመዋል። አጎቴ ከሻምበልና ከቫልቩ መካከል ነው። ኢንጂነሯ ከመጭመቂያው በኩል ሆና ወረቀቱን ትከተላለች። ሥራ አስኪያጁም የደረጃው ላይ መደገፊያ ይዞ ቆሟል። ወረቀቱ ይሄዳል። ሲንኮሻኮሽ የነበረው ድምፅ ለስልሷል፤ ለሌላው ሰው ልዩነቱ አይሰማም፣ የአጎቴ አንገት ግን በሰማው ቁጥር እየገባ ነበር። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ደህና ሄዷል፤ እሱ ግን ያን ሁሉ ሰዓት ያልፈራውን ፍርሃት ለርክክቡ ያጠራቀመው ይመስል ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«ወረቀቱ ረጥቧል» አለ ሻምበል።

«ደህና ነው።»

«ደረቁ! ዳሩን እየው፣ ዳሩን! እየተርገበገበ ነው!»

የወረቀቱ አንደኛው ዳር፣ ከግድግዳው በኩል ያለው፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ መንሳፈፍ ጀምሮ ነበር። የሻምበል እጅ ወደ ቫልቩ ሄደ። አጎቴ ክንዱን ያዘው።

«ልቀቀኝ!»

«ጠብቅ።»

«ልቀቀኝ አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ! ሁለተኛ ልታስቆርጠኝ ነው?»

ያ ቃል ስንት ዓመት እንደተቀመጠ እንጃ። ከሻምበል አፍ ሲወጣ ራሱም የደነገጠ መሰለኝ። የአጎቴ እጅ ላላ። በዚያው ቅጽበት ወረቀቱ ከዳሩ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ እንደ መብረቅ ወደ መሃል ሮጠና ተበጠሰ። ከበሮዎቹ መካከል ወረቀት ይከመር ጀመር። ሻምበል፣ ያ ሁሉ ደርሶበት እንኳ፣ የድሮው ልማድ አሸንፎት ወደ ፊት ዘለለ። አጎቴ አልተከተለውም። ዞሮ በሙሉ መዳፉ የማቆሚያውን ቁልፍ መታው።

ማሽኑ አቃስቶ ቆመ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በፊት ጸጥታውን ሰምተነው ስለማናውቅ አስፈራን።

«አቆምከው?» አለ ሻምበል። እጁ በአየር ላይ ነበር፤ ከቆመው ከበሮ ያለው ርቀት የአንድ ክንድ አይሞላም።

«አቆምኩት።»

«ሥራ አስኪያጁ እያየ?»

«ይይ።»

ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን ወረደ። ፊቱ ሁሉም ነገር እንዳበቃ ይናገር ነበር። ኢንጂነሯ ግን ወደ እነሱ አልመጣችም። መጭመቂያው ሥር ተንበርክካ ፌልቱን በእጇ ትዳብስ ነበር።

«ጋሼ፣ ሁለታችሁም ኑ እስቲ። መሃሉን ንኩት። አሁን ደግሞ ዳሩን።»

መሃሉ ሱፍ ነው። የግድግዳው ዳር ግን እንደ ጫማ ሶል ደድሯል፤ የሊጡ ጭቃ ገብቶበት ውሃ መምጠጥ አቁሟል። እዚያ በኩል የሚያልፈው ወረቀት ሳይጨመቅ፣ እንደረጠበ ነበር ወደ ከበሮዎቹ የሚገባው።

«ሙቀቱ ሲበዛ ይሄኛው ዳር እንደ ምንም ይደርቅና ሌላው ይጠበሳል» አለች። «ለዚህ ነው ያላየነው። እንፋሎቱ ሸፍኖት ነበር። ፌልቱን የሚያጥበው ውሃ እዚህ ጥግ አይደርስም፤ ማሽኑ ከተተከለ ጀምሮ ደርሶ የሚያውቅ አይመስለኝም።»

ሻምበል ፌልቱን በቀሩት ጣቶቹ ደጋግሞ ዳበሰ።

«ያኔም በግድግዳው በኩል ነው የተቀደደው» አለ።

 አጎቴ ግራ ገብቶት አየው።

«የቱ?»

«ያኔ ነዋ። እጄን የሰደድኩት በግድግዳው በኩል ነው። ሌላ የት ይሆናል?» ቀና ብሎ አጎቴን ትክ ብሎ ተመለከተው። «የአንተ ቫልቭ አይደለም፣ አንተ ጅል። ይሄ ቆሻሻ ነው።»

አጎቴ አላለቀሰም፤ እንዲያ ያለ ሰው አልነበረም። ቱታው ላይ እጁን ጠረገና መፍቻ ፍለጋ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ሰዎች አየና ወደ ደረጃው ተመለሰ።

ሁለቱም ፈረቃዎች አብረው የማጠቢያውን ቱቦ እስከ ጥጉ አስረዘሙ፤ ፌልቱን በብሩሽ አሹት። ሻምበል «ርክክብ አልተፈረመም፤ እንግዲህ ማሽኑ ባለቤት የለውም» እያለ ያሾፍ ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ቫልቩ ቀለሙ ላይ ነበር። ወረቀቱ ሄደ። አጎቴ ዳሩን በጣቱ አራግቦ ጆሮው ሥር አቀረበ፤ ድምፁን አልወደደውም። ቫልቩን ግን አልነካም።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ነዳጁ ወረደ። ምን ያህል እንደወረደ የሚነግረን ሰው አልነበረም፤ ኢንጂነሯ «ደህና ነው» ትላለች፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከቢሮው አይወጣም። ሻምበል ማሽኑን ሲረከብ መጀመሪያ ፌልቱን ይዳብሳል፤ ሲያስረክብ ደግሞ ማጠቢያውን ራሱ ያጸዳል። አጎቴ ግን ቫልቩን ላለመንካት እጁን ከኋላው አጣምሮ ነበር የሚቆመው። የዓመቱ መጨረሻ ሲቃረብ ሰው እርስ በርሱ ማውራት ቀነሰ። አንዳንዱ ዕቃውን ከሳጥኑ ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ ያግዝ ጀመር።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ወደ አዳራሹ መጣ። በማሽኑ ጩኸት መካከል ወደ አጎቴ ጆሮ ጠጋ አለ።

«አዲስ ፌልት አንድ ነው ወይስ ሁለት የምናዘው?»

አጎቴ አልገባውም። «ለምን?»

«አቅራቢው ለማድረስ ግማሽ ዓመት ይፈጅበታል። ለሚመጣው ዓመት ካሁኑ ካላዘዝን አንደርስም።»

«ለሚመጣው ዓመት» የሚለው ያን ጊዜ ለአጎቴ ገባው። ከዚያ ፈረቃው ያልሆነውን፣ ቤቱ ተኝቶ ያለውን ሻምበልን ሊነግረው፣ ማሽኑን ለረዳቱ አደራ ብሎ በሩጫ ወጣ። የፈረቃ መሪ ማሽን ጥሎ ሲሮጥ በዚያ ፋብሪካ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም።

«ኧረ ስንት ልበላቸው?» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ከኋላው ጮኸ።

«ሁለት!» አለ አጎቴ ሳይዞር።