አባቴ ያልከፈተው ጥቅል

ያን በጋ ሳስበው ነገሩ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የሆነ ይመስለኛል፤ መርሳ ግን ጭጋግ የምታውቅ አገር አይደለችም። ሙቀቱ ይሆናል። ጦርነቱ አልፎን ሄዶ፣ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል እየተባለ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ስልክ ሲያሰኘው እየሠራ ሲያሰኘው እየተኛ፣ ሰው ሁሉ በግማሽ እንቅልፍ የሚኖርበት ጊዜ ነበር። የማስተምርበት ክፍል መስኮቱ ተነቅሎ ተወስዷል። ርግቦች ይገቡና ሰሌዳው አናት ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ከተማሪዎቼ ይልቅ በጸጥታ የሚያዳምጡኝ እነሱ ነበሩ።

አባቴ የታሰረው በዚያ ጊዜ ነው። ሐሺሽ ይዞ ተገኘ ተባለ።

ወሬውን ያመጣልኝ የተሳፈረበት ሚኒባስ ረዳት ነው። መጀመሪያ ሳቅሁ። የኔ አባት መርሳ አጠገብ ግራና የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ማንጎና ሽንኩርት እንጂ ሌላ የሚይዘው ነገር የለም፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ እንኳ ቦታ ይቀይራል። ረዳቱ ግን አልሳቀም። ውርጌሳ ኬላ ላይ ተፈትሸው፣ እሱን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ሰው ሸኙት። እኔ በተፈጥሮዬ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን መቆጣት እንኳ አልመጣልኝም። ጠመኔውን እንደያዝኩ ፖሊስ ጣቢያ ደረስኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። መርሳ በተያዘች ጊዜ እኔና አባቴ ሸሽተን ደሴ ገብተን ነበር። ዘመድ የለን፣ የምናውቀው ሰው የለን፤ አንዲት ክርስቲያን ሴት ከበሯ ላይ ቆማ አየችንና «ግቡ» አለችን። ገባን፤ ወራት ተቀመጥን። ለኛ ብላ ድስት ለየች። አባቴ ሲሰግድ ድምጽ እንዳይረብሸው ሬዲዮዋን ትቀንስ ነበር። ደሴም በተራዋ ስትያዝ አንድ ክፍል ውስጥ ተጣጥፈን አብረን ፈራን። ይህች ሴት አንድ ወንድ ልጅ አላት። ዘምቶ አንድ እግሩን ጥሎ ተመለሰ። እኛ አገራችን ከገባን በኋላ አባቴ ልጁን ሊጠይቅ ብሎ አንድ ጆንያ ማንጎ ይዞ ደሴ ሄደ፤ የተያዘው ከዚያ ሲመለስ ነው።

ጥቅሉን የሰጠው ልጁ ነው። ጨርቅ ለብሶ ዙሪያውን የተሰፋ ጥቅል። ልብስ ነው፣ መርሳ መናኸሪያ የሚቀበልዎት ጓደኛ አለኝ፣ አደራ አለው። በኛ አገር አደራ ከተባለ በኋላ ጥያቄ የለም። ተሰፍቶ የሰጡህን ተሰፍቶ ትሰጣለህ። ክሩን መነካካት የሰጠህን ሰው ሌባ ማለት ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ እንዲሁ አብረነው ያደግነው ነገር ነው።

ኬላው ላይ ፖሊሶቹ የሚፈልጉት መሣሪያ ነበር። አንዱ ከወንበር ሥር ጥቅሉን አገኘና የማን እንደሆነ ጠየቀ። አባቴ እጁን አወጣ፤ «እኔ ዘንድ ያለ ነው» አለ። ስፌቱ ሲቀደድ ውስጡ ቅጠል ሆኖ ተገኘ። ማን እንደሰጠው ሲጠይቁት፣ አደራ መሆኑን፣ ውስጡን አለማወቁን፣ የሰጠውን ሰው ግን እንደማይናገር ነገራቸው። ቃሉም እንደዚያው ተመዘገበ።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ አንዲት ዛፍ ሥር አገናኙን። አባቴ ከቤቱ ደጅ የተቀመጠ ነበር የሚመስለው። የሽንኩርቱ የውኃ ተራ ሐሙስ ነው፣ እንዳያልፈን አለኝ። ደሜ ፈላ። ይህ ነገር የዓመታት እስራት እንደሚያመጣ መንገድ ላይ ያገኘሁት ሁሉ ነግሮኛል፤ እሱ ስለ ሽንኩርት ያወራል።

«አባዬ፣ ንገራቸው። ከየት እንደመጣህ እኔም አውቃለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ወጭት ሰባሪ አታድርጊኝ» አለኝ።

እዚያው ጣቢያ ውስጥ፣ ከኔ አሥር እርምጃ በማይርቅ ክፍል፣ መርማሪው ተቀምጧል። የደሴውን ቤት ሰፈር በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር እችል ነበር። ዐረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ሲንከባለል ሰነበተ፤ ስተኛም አብሮኝ ይተኛል፣ ሳስተምርም ይመጣል። ከሷ ወጭት የበላሁት ግን እኔም ነኝ። ይህንን እያሰብኩ አባቴን አብዝቼ እወደው ነበር፤ በዚያው ሰዓት ደግሞ አንገቱን ይዤ ብነቀንቀው ደስ ባለኝ።

ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ እየጠየቀ፣ ፍርድ ቤቱ እየፈቀደ፣ ቀኖቹ እንደ ጥላ ተራ በተራ አለፉ። ዋስትና ተከለከለ። ክሱ ተከፈተና አባቴን ወልድያ ወሰዱት። ክሱ ራሱ ይዞ መጠቀም አይደለም፤ አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር ይላል። ልዩነቱን ያን ጊዜ አላውቅም። ቃሉን ስሰማ አባቴ ጭነት መኪና ሲነዳ ታየኝ፤ በቅሎ እንኳ ደፍሮ የማይጋልብ ሰው።

ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውን ያደርጋል። ሽማግሌ ላክሁ። አንድ ሼህ፣ አንድ ቄስ፣ ሦስት የግራና አባወራዎች ነጫጭ ለብሰው ወልድያ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ገቡ። የሽምግልና ወጉ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ክርክር አይጀምርም፣ አስቀድሞ ጥፋቱን ይቀበላል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ከዚያ ይለምናል። እነሱም ይህንኑ አደረጉ። ወንድማችን አጥፍቷል፣ ለኛ ሲሉ ይማሩት አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ግራ ተጋብቶ፣ አጥፍቷል ነው የምትሉት ብሎ ጠየቃቸው። ሼሁ ትንሽ አሰቡና መለሱለት።

«ካጠፋም ይማሩት፣ ካላጠፋም ይማሩት።»

ይህን ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ለአባቴ የተመደበችው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ጠበቃ ማቆም ለማይችል ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆምለት ሰው መኖሩን ያወቅሁት በሷ ነው። ቀጭን ሴት ናት፤ የቢሮዋ መደርደሪያ ስለተዘረፈ መዝገቦቿን በፌስታል ይዛ ትዞራለች። እሷም እንደኔ ቁጡ ነበረች። ዐቃቤ ሕጉ ደግ ሰው ባይሆን ኖሮ አምስቱንም ሽማግሌ በአባትሽ ላይ ምስክር ያደርጋቸው ነበር አለችኝ። ይህ የሁለት ሰው ጠብ አይደለም፣ ከሳሹ መንግሥት ነው፣ መንግሥት ይቅርታ ሲጠየቅ አድርጌዋለሁ ማለት ነው አለችኝ። ለአገር ሽማግሌ እንዲህ አይባልም ብዬ ተቆጣኋት። መልሳ ተቆጣችኝ። ሁለታችንም ፀሐይ ላይ ቆመን ነበር፤ በመጨረሻ ወደ ጥላው ጎተተችኝና አስቀመጠችኝ።

እዚያ ጥላ ሥር ነው ነገሩ የገባኝ። ሕጉ ሁለት ነገር ይፈልጋል አለችኝ፤ ቅጠሉ በእጁ መገኘቱን፣ ቅጠል መሆኑንም ማወቁን። የመጀመሪያውን ዐቃቤ ሕግ ይዟል። ሁለተኛውን ማስረዳት ያለበትም እሱ ነው፤ አባትሽ ማንንም አውጥቶ የመስጠት ግዴታ የለበትም። የሰጠውን ሰው ስም ቢናገር ግን ሥራዋ እንደሚቀልላት አልደበቀችኝም። ስም የማይጠራ ተከሳሽ ዳኛ ፊት ጥሩ አይታይም። ታውቂዋለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከመንገዱ ማዶ ቆሎ የምትሸጥ ሴት የተዘረፈ መዝገብ ገጽ እየቀደደች ቆሎ ትጠቀልላለች፤ የማን ክስ ይሆን እያልኩ ጽሑፉን ለማንበብ እሞክራለሁ። ጠበቃዋ መልሳ አልጠየቀችኝም። ማወቄን እንዳወቀች ግን ተረዳሁ፤ አመሰገንኳትም።

የምስክር መስሚያው ቀን ችሎቱ የተቀመጠው መስታወት በሌለው አዳራሽ ውስጥ ነው። ነፋሱ እየገባ የዳኞቹን ወረቀት ያነሣሣል፤ እያንዳንዳቸው በአንድ እጃቸው ወረቀት ይዘው በአንድ እጃቸው ይጽፋሉ። አባቴ ከስቷል። ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ነፋሱ ፊቱን ሲነካው ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። እኔ የማየው ሁሉ ሕልም ውስጥ እንዳለ ነበር፤ ድምፆቹ ዘግይተው ይደርሱኛል።

የዐቃቤ ሕጉ ምስክር ጥቅሉን ያገኘው ፖሊስ ነው፤ የዚያው የወረዳችን የሐብሩ ልጅ፣ ፊቱ ገና ያልጠና ወጣት። ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ከዚያ ጠበቃችን ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሣች። የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ማን መለሰ አለችው፤ እሳቸው ናቸው አለ። ዝም ቢሉ ኖሮ የማን እንደሆነ የምታውቁበት መንገድ ነበር ወይ አለችው፤ አልነበረም አለ። የሚያውቅ ሰው እጁን ያወጣል ወይ ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ሌላ ነገር ሄደች።

«እርስዎ ለፈቃድ አገርዎ ሲገቡ የሰው ዕቃ አድርሱልኝ ተብለው ያውቃሉ?»

«ስንት ጊዜ።»

«ውስጡን ከፍተው ያያሉ?»

ልጁ ተቀየማት። መሐላ ላይ መሆኑን፣ የማን ምስክር መሆኑን፣ ዩኒፎርሙንም ሁሉ ረሳው መሰለኝ።

«አደራ ይከፈታል እንዴ?» አላት።

ጠበቃችን ጥያቄዬን ጨርሻለሁ ብላ ተቀመጠች። ማንም አልሳቀም። የመሐል ዳኛው ብዕሩን አስቀምጦ ልጁን ጥቂት አየውና መልሶ አነሣው። ዐቃቤ ሕጉ ድጋሚ ጥያቄ አለህ ሲባል የለኝም አለ።

ብይኑ የተነበበው በሌላ ቀጠሮ ነው። ተከሳሹ የጥቅሉን ውስጥ ያውቅ እንደነበር ስላልተረጋገጠ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበት ተባለ። ወንበሩን ይዤ አለቀስኩ። ዳኛው በመቀጠል በኤግዚቢትነት የተያዘው ቅጠል እንዲወገድ ሲያዝ አባቴ ለመናገር እጁን አወጣ። ጠበቃዋ ቶሎ ብላ እጁን ይዛ አወረደችው። ውጪ ከወጣን በኋላ ያ ነገር ይቃጠላል ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው። እንግዲያው ደሴ መሄድ አለብኝ አለ።

ብቻውን አልለቀውም አልኩና አብሬው ተሳፈርኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለሱ ብዬ ብቻ አይደለም። ለዚያ ልጅ የምለው ነበረኝ። ከመርሳ እስከ ደሴ ቃል በቃል አዘጋጀሁት። አንድ ሽማግሌ አባት እንዴት እንደከሳ፣ እናቱ ያበላችንን በምን እንደከፈለን፣ ሁሉንም እናቱ ፊት ላፈርጠው ነበር። ውርጌሳ ስንደርስ አባቴ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ፖሊሶቹ ሲፈትሹ እንኳ አልነቃም።

ሴትዮዋ ምንም የሰማችው ነገር የለም። እንደ ወትሮዋ እየሳመች፣ እየጮኸች፣ ምነው ጠፋችሁ እያለች አስገባችን። ልጇ ክራንቹን ተደግፎ ከውስጥ ብቅ አለ፤ አባቴን ሲያይ ፊቱ ደም አጣ። አንድ ሽማግሌ ውርጌሳ ላይ መያዙን መናኸሪያ የሚጠብቀው ጓደኛው ነግሮታል። በር በተንኳኳ ቁጥር ለኔ ነው እያለ እነዚያን ወራት ሁሉ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ይህን በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። የመጣበት ሰው ግን አልነበረም።

አባቴ አልተቀመጠም። ሁለት እጁን አጣምሮ ልጁ ፊት ቆመ።

«ልጄ፣ የሰጠኸኝ አደራ መንገድ ላይ ቀረብኝ። አልደረሰም። አውፍ በለኝ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ምን አስጨነቀዎት፣ ልብስ አይደል፣ ልብስ ይተካል አለችው። ልጁ ግን ክራንቹ ከእጁ አመለጠው። በአንድ እግሩ ቆሞ ጎንበስ ሊል ሞከረ፣ አቃተው፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተና መሬት ላይ ተቀመጠ። የአባቴን ቅልጥም አቅፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እናቱ ደንግጣ ምን ሆነ፣ ምን ሆነብኝ እያለች ሮጠች።

አባቴ ወደ እኔ አየ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ የሰማ መሰለኝ። ከዚያ ወደሷ ዞረ።

«እግሩን አሞት ነው» አላት። «ነይ፣ እናንሣው።»

እሷ በአንድ ብብቱ ገባች፤ እኔ በሌላው። ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ነበር።