ታጥቦ የመጣው ማማሰያ

እንጨቱን መጀመሪያ ጉንጩ ላይ ያስነካዋል። ከቀዘቀዘው ውስጡ ውሃ አለ ማለት ነው፤ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ይከርማል። ካልቀዘቀዘው ሞርሳ ውስጥ ያጠብቀውና መሃል ለመሃል ይበሳዋል፤ መሰርሰሪያውን ቶሎ ቶሎ እያወጣ፣ ፍርፋሪውን እፍ እያለ። ቀዳዳው ውስጥ ኮላ የተቀባ የናስ ቱቦ ይሰዳል። ኮላው ሲይዝ ቶርኖው ላይ አስሮ በመሮ ይልጠዋል፤ እንጨቱ እየተሽከረከረ ይከሳል፣ ጣት ያህላል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ሰም። ጫፉን፣ ማንጠልጠያውንና ቀለሙን ሲገጥምለት እስክርቢቶ ሆነ።

ይህን እስክርቢቶ ሠሪ ሰፈሩ «ስብርባሪ» ይለዋል። የተሰበረ ወንበር አይቶ አያልፍማ! የፈረሰ ቤት መቃን፣ የተጣለ አልጋ እግር፣ እሳት የገረፈው የወይራ ጉማጅ፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ነው። ድሮ ጠረጴዛ ሠሪ ነበር፤ ትልልቁን ጣውላ ወገቡ እምቢ ሲለው ወደ ትንሹ ዞረ። ትንሹም አልማረውም። ብናኙ ደረቱ ላይ ተቀምጧል፤ ሥራ ሲያቆም ትከሻው የራሱ አይመስለውም።

ታላቅ እህቱ የመጣችው እንዲህ ዝሎ በተቀመጠበት ቀን ነው። ልብስ ሰፊ ናት። በንጹሕ ጨርቅ የጠቀለለችውን ፈታች፤ የእናታቸው ማማሰያ። ምድጃ በልቶት የተረፈው ለአንድ እስክርቢቶ ብቻ ይበቃ ነበር።

«እማዬ መጻፍ እንዳማራት ሞተች» አለች። «እኔ እንኳ በሷ እንጨት ልጻፍ። የጎልማሶች ትምህርት ተመዝግቤያለሁ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«ምነው፣ አንተ በዚህ ዕድሜህ የቆሻሻ ገንዳ ታገላብጥ የለ!»

ሳቀ። የእናቱ ነገር ሆኖበት እንጨቱን ጉንጩ ላይ ሳይሆን አፍንጫው ላይ አስጠጋው። ሳሙና ሳሙና አለው። መጠየቅ የነበረበት ያኔ ነው። ግን ደክሞታል፤ ጨርሶ አረፍ ማለት አማረው። በሳው።

ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ያለቀውን እስክርቢቶ ከመደርደሪያ ቢያነሳ፣ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ከጫፉ እስከ ወገቡ ወርዷል። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ናስ አይኮማተርም፤ የተሸነፈው እንጨቱ ነው። ሌላ ቁራጭ ደግሞ የለም። የዚያኑ ማማሰያ ብናኝ በኮላ ለውሶ ስንጥቁን ሞላው፣ ወለወለው። ያም ሆኖ ይታያል።

እህቱ ገና እንደያዘችው ጣቷ አገኘው። በስፌት የኖረ ጣት መስመር አያመልጠውም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተሰንጥቆ ነው። እርጥብ ነበር። አጥበሽው ነበር እንዴ?»

«ታዲያ የእማዬን ዕቃ ከነጥላሸቱ ላምጣው? ፍል ውሃና ሳሙና ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድሬ ነው እንጂ!»

ሊቆጣ ቃጣው፤ መቆጣትም አቅም ይጠይቃል። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እቴቴ። ሳልፈትሽ በሳሁት።»

ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገችበት። «ይጽፋል አይደል?»

«ይጽፋል። ግን አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም።»

«እንግዲያው ሳይከፈት ቶሎ ልማር» አለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከታው ወጣች።

እሱ ግን የተቀመጠበት ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንጨት ይዞ ለሚመጣ ሁሉ፣ ይህን ለምታነቡትም ጭምር፣ ልመናው ይኸው ነው፦ «የሟች ዕቃ ስታመጡልኝ አታጥቡት። ጥላሸቱን፣ ቅባቱን፣ የእጅ ወዙን እንዳለ አምጡልኝ፤ ማጽዳቱ የኔ ሥራ ነው። አጥባችሁት ከሆነም አትደብቁኝ። ደክሞኝ ሳልጠይቃችሁ ብቀር እንኳ፣ እባካችሁ፣ ‹ታጥቧል› በሉኝ።»